ስፖርት የሚዘልቀው ባለማቋረጥ አይደለም፦ ለ«ስድስቱ ሕጎች» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በየስልኩ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ስፖርት እየጀመረ ለሚተው ሰው ስድስት ሕግ ይሰጣል፦ 21 ቀን ያለማቋረጥ መሥራት፤ በየቀኑ አንድ ሙሉ ሰዓት፣ አንድ ቀን ከቀረ ደግሞ ቆጠራውን ከዜሮ መጀመር፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሣት፤ የጂሙን የዓመት ክፍያ በአንዴ መክፈል፤ በማግስቱ ሰውነት እስኪተሳሰር መጠንከር፤ ጾም ሲገባ ማቆምና ከፋሲካ በኋላ መቀጠል። ይህን ያልቻለ ሰው ቆራጥነት የጎደለው ነው ብሎ ይዘጋል።

ጽሑፉ በቅን ልብ እንደተጻፈ ያስታውቃል። ልብስና ጫማ ማታ አዘጋጅቶ ማደር የሚለው ምክሩም ትክክል ነው፤ ጠዋት ካልሲ ፍለጋ የሚባክነው አምስት ደቂቃ ብዙ ሰው አስቀርቷል። ሕጎቹ ግን የተሠሩት እንቅፋት ለማያውቀው ሰው ነው። ልጅ የሚታመምበት፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ በወር መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ የሚያመሽ ሰው ማቋረጡ አይቀርም። እንዲህ ያለው ሰው ለዓመታት የሚዘልቀው ካቋረጠ በኋላ ቶሎ የሚመለስበትን መንገድ አስቀድሞ ካዘጋጀ ነው። ከስድስቱ ሕጎች ስለዚህ የሚናገር አንድም የለም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ መመለስን ያከብዳሉ።

በ21 ቀኑ እንጀምር። ቁጥሩ ከስፖርት የመጣ አይደለም። ማክስዌል ማልዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም በ1960 እ.ኤ.አ. ታካሚዎቹ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ጽፎ ነበር። ይህ የሐኪም ትዝብት፣ ያውም ዝቅተኛው ገደብ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የማንኛውም ልማድ ቀጠሮ ሆኖ ቀረ።

ጉዳዩን በቀጥታ የለኩት የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ናቸው። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ድርጊት ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን የሚፈጀው ጊዜ መካከለኛ ልኩ 66 ቀን ሆኖ ተገኝቷል። ፈጣኑ በ18 ቀን ለመደ፤ ዘገምተኛው 254 ቀን እንደሚፈጅበት ተሰላ። ተሰላ የምንለው 12 ሳምንት 84 ቀን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ቀሪው የሒሳብ ትንበያ ነው። ስፖርት የመረጡት ሰዎች የመብልና የመጠጥ ልማድ ከመረጡት ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ከሁሉ ይልቅ እዚህ የሚጠቅመን ግን ሌላው ግኝት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል በልማዱ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሰም።

የ21 ቀኑ ተስፋ ጉዳቱ በ22ኛው ቀን ይታያል። ሰውየው ከእንግዲህ ይቀልልኛል ብሎ ይነሣል፤ አልጋው ግን እንደ ትናንቱ ይይዘዋል። ያኔ ጥፋቱን ከቁጥሩ ላይ ሳይሆን ከራሱ ላይ ይፈልጋል። ለስፖርት ከሁለት ወር በላይ ሊፈጅ እንደሚችል አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው በዚያ ጠዋት አይደነግጥም። ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ክብደትም ፍጥነትም መለካት አያስፈልግም፤ የሚለካው በቀጠሮው ቀን መገኘት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሕግ ከስድስቱ ሁሉ ጎጂው ስለሆነ ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

በየቀኑ አንድ ሰዓት ማለት በሳምንት 420 ደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ በተጨማሪም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ስለዚህ ሕጉ ለጀማሪ የሚሰጠው ከዝቅተኛው ልክ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በቀድሞው መመሪያ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መቆየት ነበረበት፤ አዲሱ ይህንን አንሥቶታል። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በፍጥነት የተራመደ ሰው ሰባት ደቂቃዋ ትቆጠርለታለች።

ቆጠራው ወደ ዜሮ ይመለሳል የሚለው ደግሞ ሰውነት ከሚሠራበት መንገድ ጋር አይገጥምም። ለረጅም ጊዜ የሠለጠኑ ሰዎች ልምምዳቸውን ጨርሰው ሲያቆሙ የተለኩበት የ1984 እ.ኤ.አ. ጥናት አለ። ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት የቀነሰው በ7 በመቶ ነው፤ ከስምንት ሳምንት በኋላ ደግሞ ከመነሻው 16 በመቶ ዝቅ ብሎ ረጋ። አንድ ቀን ቀርቶ አንድ ሳምንት እንኳ ዜሮ አያደርስም። ጨርሶ ከማቆም ይልቅ መቀነስ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይቀልላል። በሳምንት ስድስት ቀን ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ወደ ሁለት ቀን ዝቅ ብለው ለ15 ሳምንታት አቅማቸውን ይዘው ቆይተዋል፤ የልምምዱን ጥንካሬ የቀነሱት ግን አቅማቸው ወርዷል። ሥራ በበዛበት ሳምንት ቀኑንም ደቂቃውንም መቀነስ ይቻላል፣ ፍጥነቱንና ክብደቱን ግን ባሉበት ማቆየት ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ቀኑን ሞልቶ ሥራውን ያለሳልሳል።

ለጡንቻም እንዲሁ ነው። በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በርሚንግሃም በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ሰዎች ለ16 ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን ከሠሩ በኋላ ሥራቸው ወደ አንድ ዘጠነኛ ተቀነሰ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ዙር ብቻ ማለት ነው። ከ20 እስከ 35 ዓመት ያሉት ያንኑ ይዘው ለ32 ሳምንታት ጥንካሬያቸውን አላጡም። ከ60 በላይ የሆኑት ጥንካሬው ሳይለያቸው የጡንቻው መጠን ግን ቀንሶባቸዋል፤ ለእነሱ ትንሽ ከፍ ያለ ልክ ያስፈልጋል።

ከዚህ ተነሥቶ ማንም ሰው ሁለት ፕሮግራም ሊኖረው ይገባል፤ ዋናውና ትንሹ። ዋናው ለጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል። ትንሹ ቀኑ በተበላሸ ጊዜ የሚወጣ፣ ከቤት የማያስወጣ፣ 12 ደቂቃ የሚፈጅ ነው። አንዱ ዓይነት ይህን ይመስላል። ጀርባው ግድግዳ በተደገፈ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ 10 ጊዜ፤ ወንበሩ ካልተደገፈ ሸርተት ብሎ ይጥላል። ጠረጴዛ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ 8 ጊዜ። አንድ እጅ ሶፋ ላይ አሳርፎ ጎንበስ ብሎ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ወደ ወገብ መሳብ፣ በእያንዳንዱ እጅ 10 ጊዜ። በክርን ተደግፎ ፕላንክ፣ ማለትም በክርንና በእግር ጣት ላይ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት፣ 20 ሰከንድ። በመካከሉ 30 ሰከንድ እያረፉ ሁለት ዙር። ጀሪካኑ በውኃ ሲሞላ 5 ኪሎ ነው፤ በግማሽ ከተሞላ ውኃው እየተናወጠ የእጅ አንጓን ይጠመዝዛል፣ ስለዚህ ሙሉ መሆን አለበት። ሲቀል ደረቅ አሸዋ ይሞላበታል፤ ያኔ ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች በተከታታይ ሁለት ቀን ከቀለሉ ሁለት ይጨመራል፤ 15 ሲደርስ ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ወለል መውረድ ነው።

ትንሹ ፕሮግራም በካላንደሩ ላይ እንደ ዋናው ሙሉ ምልክት ይደረግለታል፤ ግማሽ ምልክት የሚባል ነገር የለም። ሕጉም አንድ ነው፦ አንድ ቀጠሮ ቢያልፍ ምንም አይደለም፣ ቀጣዩ ግን ቢያንስ በትንሹ ይሠራል። የቀረውን ለማካካስ በማግስቱ እጥፍ መሥራት የለም፤ እጥፍ የተሠራበት ቀን ሦስተኛውን ቀን ይበላል።

ረዘም ያለ ማቋረጥ ሲመጣ መመለሻው በቆይታው ልክ ነው። እስከ ሰባት ቀን ከሆነ ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል። ከስምንት ቀን እስከ ሦስት ሳምንት ከሆነ የመጀመሪያው ሳምንት ዙሩ በግማሽ፣ ክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀነሳል። ከወር ካለፈ ሯጭ የነበረው ሰው አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ እየደጋገመ በ24 ደቂቃ ይጀምራል፤ ይህን ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ይቆይበታል። ትዕግሥቱ ያስፈለገው ልብና ሳንባ ከጅማትና ከአጥንት ቀድመው ስለሚመለሱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ትንፋሹ ሲስተካከልለት ፍጥነት የሚጨምር ሰው በሦስተኛው ሳምንት የቅልጥሙን ፊት ወይም የተረከዙን ጅማት ያመዋል፤ እንደገና ያቆማል። ትኩሳት ይዞት የነበረ ሰው ደግሞ ያለ መድኃኒት ትኩሳቱ እስኪለቀው ጠብቆ በ15 ደቂቃ እርምጃ ይጀምር። በእንቅስቃሴ መካከል ደረት የሚያጨንቅ ወይም ራስ የሚያዞር ከሆነ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

መመለስን መሸለም እንደሚሠራ ሰፊ ማስረጃ አለ። ካቲ ሚልክማንና ብዙ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የአንድ የአሜሪካ የጂም ሰንሰለት 61,293 አባላት 54 ዓይነት የአራት ሳምንት ማበረታቻ ተሞክሮባቸዋል። አንደኛ የወጣው፣ ቀጠሮ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ለመጣ ሰው የጥቂት ሳንቲም ጉርሻ የሚሰጠው ነበር። ከአራቱ ሳምንታት በኋላም ውጤቱ የቀጠለው ከማበረታቻዎቹ በ8 በመቶው ብቻ መሆኑ ግን ሊደበቅ አይገባም። አንድ ወር ግፊት ተደርጎ ልማድ አይገኝም፤ ያው 21 ቀኑ ዞሮ መጣ።

የንጋቱ 11 ሰዓት ጉዳይ ብዙ አያነጋግርም። ማታ በ3 ሰዓት የሚተኛ ሰው ቢነሣ መልካም። በ6 ሰዓት የሚተኛ ሰው ግን አምስት ሰዓት እንቅልፍ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ለአዋቂ የሚመከረው ከሰባት ሰዓት አያንስም። ጎሕ ሳይቀድ መንገድ ላይ ውሻ አለ፣ ጨለማ አለ፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ደኅንነቷ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ሰዓት ከመምረጥ ይልቅ ስፖርቱን በየቀኑ ከማይቀር ድርጊት ጋር ማያያዝ ይሻላል። ከሥራ ወጥቶ ቤት ከመግባት በፊት የሚለው ለብዙ ሠራተኛ ይሠራል፤ ቤት ገብቶ ጫማውን ያወለቀ፣ ቡናም የቀረበለት ሰው ተመልሶ አይወጣም። አዲስ አበባ ላይ ግን ክረምት ይህን ያፈርሰዋል፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሚያይል ለሁለት ወር ወደ ጠዋት ማዞር ወይም ቤት ውስጥ መሥራት ግድ ነው። ሰዓቱ ከወቅቱ ጋር መቀያየሩ ነውር የለበትም።

የዓመት ክፍያን በአንዴ ክፈሉ የሚለው ምክር ገንዘቡ ያስገድደኛል በሚል እምነት ላይ የቆመ ነው። ይህ እምነት ተለክቷል። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልሜንዲየር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሦስት የአሜሪካ ጂሞች የነበሩ 7,752 አባላትን መዝገብ ፈትሸዋል። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በአማካይ በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ነው የሄዱት። በዚህ ሒሳብ አንድ ጊዜ መግቢያው ከ17 ዶላር በላይ ወጣባቸው፤ እዚያው ጂም ግን አንዱ በ10 ዶላር የሚታሰብ የአሥር ጊዜ መግቢያ ይሸጥ ነበር። የጂም ተጠቃሚዎች ሲጠየቁ በወር 9.5 ጊዜ እንደሚሄዱ ነበር የገመቱት። ክፍያው የሚቆነጥጠው በከፈሉበት ሰሞን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሄደ ገንዘብ ሆኖ ይረሳል። ጂሞች የዓመቱን በቅናሽ የሚሸጡት ለበጎ አድራጎት እንዳልሆነ ማስታወስ አይከፋም።

ስለዚህ መጀመሪያ የአንድ ወር፣ ከተቻለም የአንድ ቀን መክፈል ይሻላል። ከወሩ በኋላ የከፈሉትን ለሄዱበት ቀን ቁጥር ያካፍሉት፤ የቀን መግቢያው ከዚያ ከረከሰ የወሩ ክፍያ አያዋጣም። ከመክፈል በፊት ጂሙን ሊሠሩበት ባሰቡት ሰዓት ሄዶ ማየት ነው፤ በ5 ሰዓት ጠዋት ባዶ የሆነው ክፍል ማታ 12 ሰዓት ላይ ወረፋ ያስይዛል። መብራት ሲጠፋ ትሬድሚሉ እንደሚቆም አውቆ ጄኔሬተር መኖሩን፣ ሻወሩ ውኃ ማግኘቱን መጠየቅም ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ቦታው ከሥራ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ይሁን፤ ሌላ ታክሲ የሚያስይዝ ከሆነ በዝናብ ቀን አይኬድም።

ሰውነት ካልተሳሰረ አልሠራችሁም የሚለው አምስተኛው ሕግ መለኪያውን ስቷል። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚበረታው ሕመም የሚመጣው ጡንቻ ላልለመደው ሥራ፣ በተለይ እየተለጠጠ ለሚሸከመው ጭነት ነው፤ ደረጃ መውረድ፣ ከእንጦጦ ቁልቁል መሮጥ ለዚህ ዋነኞቹ ናቸው። ያው ሥራ ለጥቂት ሳምንታት ሲደጋገም ጥንካሬው እየጨመረ ሕመሙ ይጠፋል። በሕመም የሚለካ ሰው ልክ መጠንከር ሲጀምር ምንም አልሠራሁም ብሎ ፕሮግራም ይቀያይራል። ከዚህም የባሰው፣ ሰኞ ዕለት ተሳስሮ ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰው ረቡዕ አይመጣም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገና ሦስት ወይም አራት ድግግሞሽ መሥራት እየቻሉ ማቆም ልክ ነው። ሕመሙ ከመጠን አልፎ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ጡንቻው ፈርሶ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ለሶምሶማና ለእርምጃ ሚዛኑ ንግግር ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እየተቻለ መዝፈን ካልተቻለ መካከለኛ ልኩ ላይ ናችሁ፤ ከጥቂት ቃል በኋላ ትንፋሽ ካጠረ ጠንክሯል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ሰው እዚያ የሚሮጥበትን ፍጥነት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይርሳው፤ ሰዓቱን ሳይሆን ትንፋሹን ይከተል።

የመጨረሻው የጾም ጉዳይ ነው፤ ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት፣ ፍልሰታ፣ የሐዋርያት ጾም፣ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩ ለጿሚው የዓመቱ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ጾም ሲገባ የሚያቆም ሰው እንግዲህ ስድስት ወር የሚሠራ፣ ስድስት ወር የሚያፈርስ ነው። ማቆም ሳይሆን ወደ ማቆያ ልክ መውረድ ይበቃል፤ ከላይ ባየነው ጥናት አንድ ዘጠነኛው ለ32 ሳምንታት ጥንካሬ ካቆየ፣ 55 ቀን ስምንት ሳምንት እንኳ አይሞላም። በጥናቱ የነበሩት ጾመኞች ስላልነበሩ ጠንቀቅ ብሎ በሳምንት አንድ ቀን ዋናውን፣ አንድ ቀን ትንሹን መሥራት ይመረጣል።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ክብደቱን ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሠራ ምግቡም ውኃውም ደርሶለታል፤ ከ9 ሰዓት በፊት ቀላል እርምጃ እንጂ ላብ የሚያስወጣ ሥራ አይገባም። በረመዳን ከመግሪብ በፊት 30 ደቂቃ ቀስ ያለ እርምጃ፣ ክብደቱ ደግሞ ካፈጠሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ ይሆናል። ውኃው በአንድ ጊዜ ሳይሆን እስከ መኝታ ተከፋፍሎ ይጠጣ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጾሙን ከስፖርት ጋር ከማጣመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መድኃኒቱ የሚወሰድበት ሰዓት ሊቀየር ይችላልና።

ሥጋና ወተት ሲቀር ጡንቻ ይቀልጣል የሚለው ስጋት የምስርና የሽንብራን አቅም ካለማየት የመጣ ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ሽንብራ ወደ 20 ይጠጋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን፣ ክብደት ለሚሠራ ሰው በቀን 70 ግራም ገደማ ከበቃው፣ አንድ ምስር ወጥ፣ አንድ ሽሮ፣ ጥቂት የሽንብራ ቆሎና እንጀራው ተደምረው ይደርሱበታል። ችግር የሚመጣው ጾሙ በእንጀራ በድንች፣ በዳቦ በሻይ ሲታለፍ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በበላሁት ልክ ላላብ ብሎ ሰኞ ዕለት ሙሉውን ፕሮግራም መክፈት በጾሙ የተያዘውን በአንድ ሳምንት ያፈርሳል። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ዙር፣ በጾሙ ክብደት፤ ሁለተኛው ሳምንት ሦስት ቀን በዚያው ክብደት፤ ሦስተኛው ሳምንት ዙሩም ክብደቱም ወደ ነበረበት ይመለሳል።